ፊልም ላይ ለምንድን ነው ሰውየውን ትተው ሰይፉን የሚመቱት?

ጫፍና_ስለት | ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ። ዛሬ አንድ ታሪካዊ ፊልም ጀምሬ፣ የመጀመሪያው የሰይፍ ፍልሚያ ላይ ስደርስ ማየት አቅቶኝ አጠፋሁትና ልጽፈው ወሰንኩ።

የምለማመደው ከ15ኛው መቶ ዘመን የጀርመንና የጣልያን መጻሕፍት የተወሰደውን የሁለት እጅ ሰይፍ ነው። አራት ዓመት ሆኖኛል። መምህር አይደለሁም፤ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ሰው አናቴን ሊመታ ሲመጣብኝ ስለኖርኩ አንድ ነገር በልበ ሙሉነት እላለሁ። ሊመታህ የመጣ ሰው የሚፈልገው አንተን ነው። ሰይፍህን የሚነካው መንገዱን ስለዘጋበት ብቻ ነው።

ዛሬ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ሰዎች እጃቸውን ቢዘረጉም በማይደራረሱበት ርቀት ቆመው፣ ላይ ግራ፣ ላይ ቀኝ፣ ታች ግራ፣ ታች ቀኝ እያሉ ሰይፍ ከሰይፍ ያጋጫሉ። አንደኛው እጁን ቢያወርድ እንኳ የሌላኛው ምት ከትከሻው አንድ ስንዝር ርቆ ያልፍ ነበር። ድምፁን አጥፍቼ ደግሜ አየሁት፤ ያለ ድምፅ ጭፈራ ነው። መሃል ላይ አንዱ በራሱ ዙሪያ ተሽከረከረ። ለተሳለ ብረት ጀርባውን ሰጠ ማለት ነው። ያኛውም ዞሮ እስኪጨርስ ቆሞ ጠበቀው።

የፊልምና የመድረክ ፍልሚያ የምትሠሩ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልወቅሳችሁ አልመጣሁም፤ ምክንያቱን ከልቤ ማወቅ እፈልጋለሁ። መጻሕፍቱ አሉ፣ ተተርጉመዋል፣ ሥዕሎቻቸው ሳይቀሩ በነፃ ይገኛሉ። ታዲያ ስክሪኑ ጋ ለምን አይደርሱም?


ባዶ_አፎት | ሰኞ ማታ

እኔ ደግሞ ድምፁ ነው የሚያበሳጨኝ። ሰይፍ ከአፎቱ በተመዘዘ ቁጥር ያ የሚያፏጭ የብረት ድምፅ ይመጣል። የዚያ ዘመን አፎት እኮ በአብዛኛው እንጨት ላይ የተሰፋ ቆዳ ነው። ስለቱ ብረት እንዳይነካ ነው የሚሠራው፣ ብረት ከተፋተገማ ይደንዛል። ትክክለኛው ድምፅ ጨርቅ ከጨርቅ ሲተሻሽ የሚሰማው ዓይነት ነው። እኔ ያን ዝምታ ብሰማ ይበልጥ እፈራ ነበር።


የመድረክ_ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት

ጫፍና_ስለት፣ ጥያቄህ የቅን ሰው ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። የመድረክና የፊልም ፍልሚያ ማቀናበር ሥራዬ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል።

ልምምድ ስትገባ ምን ምን እንደምትለብስ አስበው። ጭንብል፣ የአንገት መከላከያ፣ እንደ ጡብ የወፈረ ጓንት፣ የታጨቀ ጃኬት። የያዝከው ሰይፍም ጫፉ የተድበለበለና ስትወጋበት የሚለመጥ ነው። ተዋናዩ ግን ፊቱ ባዶ ነው፤ እንጀራው ፊቱ ነው። ጓንት ቢኖረው እንኳ ለዓይን እንዲያምር የተሠራ ስስ ቆዳ ነው። ሌሊት ነው፣ መሬቱ ረጥቧል፣ ያንኑ ፍልሚያ ለአሥራ አራተኛ ጊዜ እየደገመው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ በሕይወቱ ሰይፍ ይዞ አያውቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፣ ምቱ ከአካል ውጪ ያልፋል። አንዱ ቢረሳ ወይም ቢያዳልጠው ብረቱ ባዶ ቦታ ያገኛል። ሁለተኛውን ሕግ ከሙያው ውጪ ያለ ሰው ብዙም አያውቀውም። ፍልሚያውን የሚመራው ምቱን የሚቀበለው ሰው ነው። ልመታህ ስል መጀመሪያ ዓይን ለዓይን እንተያያለን። ከዚያ ሰይፌን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ በየት በኩል እንደምመጣ አሳይሃለሁ። አንተ መከላከል ስትጀምር ነው የኔ እጅ ምቱን የሚጨርሰው። ያ ትልቅ እጅ መሰብሰብ ላንተ ራስን ማጋለጥ ነው፤ ለኛ ግን «ዝግጁ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ያ ሁሉ መከላከያ ባለበት በስፖርት ሻሞላ (በሰይፍ ውድድር) እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ሮም ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የሶቪየቱ ቭላዲሚር ስሚርኖቭ የተጋጣሚው ፎይል (ቀጭኑ የውድድር ሰይፍ) ተሰብሮ ጭንብሉን በስቶ ገብቶ ሕይወቱ አልፏል። የጭንብሉም የብረቱም የልብሱም መመዘኛ የተጠናከረው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ጭንብል በሌለው ሰው ፊት አቅጣጫ ጫፍ እንዲሰነዘር አልፈቅድም።

ርቀቱን በተመለከተ ግን እውነት አለህ። ርቆ መቆም ግዴታችን ነው፤ ርቆ መቆሙ ለተመልካች እንዲታይ ማድረግ ግን ጥፋታችን ነው።


ሌንስ_85 | ማክሰኞ ጠዋት

ያ ጥፋት ግማሹ የኛ የካሜራ ሰዎች ነው። በረጅም ሌንስ ከአንዱ ትከሻ ጀርባ ብታነሳ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ተጨፍልቆ ይጠፋል። ከሰውነቱ ክንድ ያህል የራቀው ምት አናቱ ላይ ያረፈ ይመስላል። በሰፊ ሌንስ ከጎን ካነሳኸው ግን ክፍተቱ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ያየኸው ፍልሚያ ከጎን የተነሳ መሆን አለበት።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር አለ። ተዋናዩ በቂ ልምምድ ሳያገኝ ሲቀር ችግሩን የምንሸፍነው በመቁረጥ ነው። ግማሽ ሰከንድ እጅ፣ ግማሽ ሰከንድ ፊት፣ ግማሽ ሰከንድ እግር። ተመልካች ማን ማንን በየት በኩል እንደመታ ሳያይ ያልቃል። ድሮ ትንሽ ለማፍጠን በሰከንድ 24 የነበረውን ፍሬም ወደ 22 ዝቅ አድርገው ያነሱ ነበር፤ ቢያንስ ሙሉ ሰውነት ይታይ ነበር።


ጫፍና_ስለት | ማክሰኞ ከሰዓት

የመድረክ_ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ። ስለ ደኅንነቱ ተቀብያለሁ፣ ስለ ስሚርኖቭም አላውቅም ነበር። ጥያቄዬን ላስተካክለው መሰለኝ።

ፊዮሬ ዴይ ሊቤሪ የሚባል ጣልያናዊ መምህር አለ፤ መጽሐፉን የጻፈው በ1410 ገደማ ነው። በመግቢያው ላይ ጥበቡን ሊያካፍላቸው ስላልፈለገ ከሌሎች መምህራን ጋር አምስት ጊዜ በተሳለ ሰይፍ መጋጠሙን ይናገራል። የለበሰው የታጨቀ ጃኬትና የቆዳ ጓንት ብቻ ነበር፣ ዘመድም ወዳጅም በሌለበት አገር። ከዚያ የሚለው ነገር ነው ልቤን የሚነካው። ሙሉ የብረት ልብስ ለብሶ በአጥር ውስጥ ሦስት ጊዜ መጋጠምን፣ በጃኬት ብቻ በተሳለ ሰይፍ አንድ ጊዜ ከመጋጠም ይመርጣል። ብረት የለበሰ ሰው ብዙ ምት ተቀብሎም ሊያሸንፍ ይችላል፤ ያልለበሰው ግን አንድ መከላከል ከሳተ አለቀለት።

ይኸው ሰው መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሥዕል አለው። መሃል ላይ ሰው ቆሟል፣ በዙሪያው አራት እንስሳት አሉ። እግሩ ሥር ግንብ የተሸከመ ዝሆን፣ እሱ ጽናት ነው። በአንድ ጎን ልብ የያዘ አንበሳ፣ ድፍረት። በሌላው ጎን ፍላጻ የያዘ ነብር፣ ፍጥነት። ከራሱ በላይ ደግሞ ሊንክስ የሚባለው የዱር ድመት የርቀት መለኪያ ኮምፓስ ይዞ ተቀምጧል። እሱ ርቀትን የሚለካው ዓይን ነው፤ ከሁሉም በላይ የተቀመጠውም እሱ ነው።

ስክሪኑ ላይ አንበሳውን እናያለን፣ ነብሩንም እናያለን። ሊንክሱ ነው የጠፋብኝ። ምቱ ከትከሻ ውጪ ይለፍ፣ ግድ የለም። ግን ሁለቱ ሰዎች እዚያ ርቀት ውስጥ መግባት ሊያስገድላቸው እንደሚችል የሚያውቁ ለምን አይመስሉም? ልክ መንገድ ላይ እንደተገናኙ ሰዎች ገብተው ይቆማሉ።


አዲስ_ገቢ | ማክሰኞ ማታ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እነዚህ ሰይፎች ምን ያህል ይከብዳሉ? ፊልም ላይ ሲያነሷቸው አሥር ኪሎ ነው የሚመስለው።


ጥሩር_ለባሽ | ማክሰኞ ማታ

የሁለት እጅ ሰይፍ ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ ነው። የአንድ እጁ ከዚያ ያነሰ፣ አንድ ኪሎ ገደማ። ረጅሙና ቀጭኑ ራፒየር ሰው እንደሚያስበው ላባ አይደለም፣ እሱም ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፣ አንዳንዱም ያልፋል። ፊልም ላይ ተዋናዩ የሚያቃስትበት ሰይፍ ብዙ ጊዜ ከቀላል አሉሚንየም የተሠራ መሆኑንም እወቅ።

እግረ መንገዴን የራሴን ቅሬታ ልናገር። እኔ የምለማመደው በብረት ልብስ ነው። ፊልም ላይ ጀግናው አንድ ጊዜ ሲሰነዝር የደረት ብረቱ እንደ ቆርቆሮ ይቀደዳል። የብረት ሳህን በሰይፍ ስለት አይቆረጥም፤ ቢቆረጥማ ኖሮ ማን ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ ያሠራው ነበር? የጀርመናዊውን የሰይፍ መምህር የሐንስ ታልሆፈርን የ1467 መጽሐፍ ብትከፍት ብረት የለበሱ ሰዎች ግራ እጃቸውን የሰይፉ መሃል ላይ አድርገው እንደ አጭር ጦር ይይዙታል። የሚፈልጉት ብብት፣ የክርን እጥፋት፣ የፊት መክደኛው ክፍተት፣ የመዳፍ ውስጥ ነው። አንዳንዴም ገልብጠው ስለቱን ይዘው በእጀታው ይቀጠቅጣሉ። ብዙው ትግል ነው፤ ጥሎ ላይ ወጥቶ ጩቤ ማውጣት። አንድ ዳይሬክተር ይህን በሚገባ ቢያሳይ ተመልካች ትንፋሹን ይዞ ያየዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በጣም ቅርብና በጣም አስፈሪ ነው።


የድሮው_መጋረጃ | ረቡዕ ጠዋት

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ብሎኛል። እኔ ዕድሜዬን በመድረክ የጨረስኩ ነኝ፤ ለአሮጌዎቹ ፊልሞች ጥብቅና ልቁም።

የ1920ዎቹንና የ30ዎቹን ታላላቅ የሰይፍ ፊልሞች ካቀናበሩት አንዱ ቤልጅየማዊው ፍሬድ ካቨንስ ነበር። ሰውየው የሻሞላ መምህር ነው፣ ትክክለኛውን አሳምሮ ያውቃል። እምነቱ እንዲህ ነበር፤ በውድድር እንቅስቃሴው በተቻለ መጠን ማነስ አለበት፣ ለካሜራ ግን ያው ትክክለኛ እንቅስቃሴ ጎልቶ መተለቅ አለበት። አያችሁ፣ ይተለቅ እንጂ ይበላሽ አላለም። የውድድር ሻሞላ አይታችሁ እንደሆነ ሁለት ሰዎች ድንገት ይገናኛሉ፣ መብራት ይበራል፣ ማን እንደነካ ዳኛው ሳይናገር አታውቁም። ያን ለተመልካች ብትሰጡት ምን ይይዛል?

የመድረክ ፍልሚያ ንግግር ነው። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል፣ ጥያቄና መልሱ የኋለኛው ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው መሰማት አለበት። እኛ በወጣትነታችን መከላከያዎቹን በቁጥር ነበር የምንማራቸው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን። ጫፍና_ስለት «ጭፈራ ነው» ያልከው ከዚያ የመጣ ነው። ግን ልጄ፣ ጭፈራም እኮ በጥሩ ሰው ሲሠራ ያስለቅሳል።


ጫፍና_ስለት | ረቡዕ ጠዋት

ጋሼ፣ እርስዎ «ይተለቅ እንጂ ይበላሽ አላለም» ያሉትን ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። አመሰግናለሁ።


ሁለተኛው_ተማሪ | ረቡዕ ከሰዓት

ታዲያ የ1987ቱ ፊልም «ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ»ስ? ገደሉ ጫፍ ላይ ሁለቱ ሰዎች እየተፋለሙ የመምህራኑን ስም ይጠራሉ፣ ካፖ ፌሮ፣ ቲቦ፣ አግሪፓ። እሱ ከመጻሕፍቱ ተወስዷል ማለት አይደለም?


የመድረክ_ልጅ | ረቡዕ ከሰዓት

ስሞቹ እውነተኛ ናቸው። አግሪፓ በ1553፣ ካፖ ፌሮ በ1610፣ ቲቦ በ1630 ያሳተሙት መጽሐፍ ዛሬም አለ። እጃቸው የሚሠራው ግን ከስሞቹ ጋር አይገጥምም። ያን ፍልሚያ ያቀናበሩት ቦብ አንደርሰንና ፒተር ዳይመንድ ናቸው። አንደርሰን በ1952 ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ለብሪታንያ የተወዳደረ ሻሞለኛ ነው። ሁለቱ ተዋንያን ለወራት ተለማምደው፣ በአየር ላይ ከመገለባበጡ በስተቀር ሁሉንም በራሳቸው እጅ ነው የሠሩት፤ በግራም በቀኝም።

እኔ ግን ያን ፍልሚያ እወደዋለሁ፣ አላፍርበትም። ምክንያቱም ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ አዲስ ነገር ሲሠራ ሌላው ፊት ላይ አድናቆት ይነበባል። ጫፍና_ስለት ሊንክሱ ጠፋብኝ ያልከው፣ የሚተያዩ ሰዎች ጠፉብኝ ማለትህ ይመስለኛል።


ታሪክ_ወዳድ | ረቡዕ ማታ

በእውነት የተደረገ ፍልሚያ ምን ይመስል እንደነበር አንድ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1547፣ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሴን ዠርመን አን ሌ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ከነመኳንንቱ ተቀምጦ እያየ ነው። በአንድ በኩል ላ ሻቴኜሬ፣ በጉልበቱም በሰይፉም የታወቀ፣ የንጉሡ ወዳጅ። በሌላው በኩል ዣርናክ፣ ማንም ያሸንፋል ብሎ ያልጠበቀው። የጦር መሣሪያውና የሥነ ሥርዓቱ ዝግጅት ቀኑን በላው፤ ፍልሚያው ራሱ ግን ወዲያው አለቀ። ዣርናክ ጋሻውን ከፍ አድርጎ የላ ሻቴኜሬን ጉልበት ከኋላ በኩል ቆረጠው። ሰውየው ወደቀ። አልማረክም ብሎ፣ ቁስሉን የታሰረበትንም ጨርቅ ቀድዶ ጥሎ ሞተ።

ፈረንሳይኛ ውስጥ «የዣርናክ ምት» የሚለው አባባል እስካሁን አለ። ዛሬ ሰው ባልጠበቀው ስውር ምት ለሚጠቃ ነው የሚነገረው፤ በዘመኑ ግን ምቱ ሕጋዊ ነበር፣ የሚታወቅም ነበር። ዳይሬክተር ቢሆን ያን ፍልሚያ አምስት ደቂቃ ያደርገው ነበር፤ ዣርናክን ሦስቴ መሬት ላይ ይጥለዋል፣ ሰይፉን ያስጥለዋል። እውነተኛው ድራማ ግን ከምቱ በፊትና በኋላ ነው። ወዳጁ ደም እየፈሰሰው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ንጉሡ ለረጅም ጊዜ ቃል አልወጣውም።


ጥያቄ_አለኝ | ሐሙስ ጠዋት

እኔ ደግሞ ለሌላኛው ወገን ላድላ። ጫፍና_ስለት፣ እናንተ የምታደርጉት «እውነተኛ» ነው ያለው ማነው? የውድድር ቪዲዮዎቻችሁን አይቻለሁ። ሁለት ሰዎች እኩል ይሮጣሉ፣ እኩል ይመታታሉ፣ ሁለቱም ይሞታሉ። ከዚያ ተጨባብጠው እንደገና ይጀምራሉ። ጭንብል ስላላችሁ አትፈሩም። ተዋናዩ የማይፈራ መስሎ ቢታይህ፣ አንተም አትፈራም።


ጫፍና_ስለት | ሐሙስ ከሰዓት

ትክክል ነህ፤ ይህን ስጽፍ የሚሰማኝን ሳልደብቅ ልናገር።

እንግሊዛዊው ጆርጅ ሲልቨር በ1599 የጻፈው ቁጣ ሁሉ ያንኑ ያንተን ነገር ነው። የጣልያን ራፒየር የተማሩ ሰዎች ተገናኝተው ሁለቱም ይሞታሉ፤ ይህ እንዴት የመከላከል ጥበብ ይባላል ይላል። እኛም እዚያው ነን። መምህሬ ሁለታችንም ከተመታን ልምምዱን አስቁሞ ሁለታችንንም ግድግዳ ጋ ያቆመናል።

ሌላም አለ። ባለፈው ዓመት ወዳጆቼ አጭር ፊልም ሲሠሩ «አንተ ሰይፍ ታውቃለህ» ብለው ጠሩኝ። የማውቀው መስሎኝ ሄድኩ። ከእኔ ጋር የሚፋለመው ልጅ ጎበዝ ተዋናይ ነው፤ ሰይፍ ግን አዲሱ ነው። ዘጠኝ እንቅስቃሴ ተለማመድን። በስድስተኛው ዙር አምስተኛው ምት ላይ እጁ ዘገየ። አንድ ቅጽበት ነው። የኔ ሰይፍ ግን አራት ዓመት የለመደውን አደረገ፤ ክፍተት አየና ገባ። ያሰብኩበት አይደለም፤ እጄ ነው የሄደው። የግራ እጁ ቀለበት ጣት ተሰበረ። የአጥንቱን ድምፅ ከሰይፉ እጀታ በኩል በመዳፌ ነው የሰማሁት፣ ከጆሮዬ በፊት።

ልጁ ይቅር ብሎኛል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስክሪን ላይ ፍልሚያ ባየሁ ቁጥር እጄን አስታውሳለሁ። የመድረክ_ልጅ «የሚመራው የሚቀበለው ነው» ስትዪ ያን ቀን የጎደለኝ ይኸው እንደነበር ገባኝ። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አላሰብኩም። አውቃለሁ ብዬ ነው የገባሁት።


የመድረክ_ልጅ | ሐሙስ ማታ

ወንድሜ፣ ይህን በግልጽ ስለጻፍክ አከብርሃለሁ። እንዲህ ያለ አደጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከማያውቀው ሳይሆን ከለመደው እጅ ነው። ለዚህ ነው ሻሞለኛ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰይፉን እንዲያቆም ብቻ የማሠራው። ምቱን ይጀምራል፣ መሃል ላይ «ቁም» እለዋለሁ። ጫፉ እዚያው ካልቆመ አብሮት የሚሠራ ሰው አልሰጠውም።

አሁን አንድ ነገር ልስጥህ፣ ሞክረውና ንገረኝ። ከመጽሐፍህ አንድ አጭር ነገር ምረጥ፣ ከሦስት እንቅስቃሴ አይብለጥ። ዓይንህ የባልደረባህ ደረት ላይ ይሁን፣ ሰይፍህ ግን ከትከሻው ውጪ ይለፍ። ሰው የሚያየው ዓይንህን ነው፤ ተመልካች ምቱ ወዴት እንደሄደ የሚያምነው ከዓይንህ ተነስቶ ነው። ፍጥነቱ የእውነቱ ሩብ ይሁን። ከዚያ በፊት ደግሞ ሁለታችሁም ከመድረሻ ርቀት ውጪ ቁሙ፤ ምክንያት እስኪያገኝ ድረስ ማንም አይግባ። ሌንስ_85 እንዳለው ከአንዱ ትከሻ ጀርባ በስልክ አንሡት፣ ድምፅ አጥፍታችሁ እዩት።

ጃፓናዊው ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ በ1962 በሠራው ፊልም «ሳንጁሮ» መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሰዎች ተፋጥጠው የሚቆሙበትን አስታውስ። ለረጅም ጊዜ ምንም አይሆንም። ከዚያ አንድ ምዘዛ፣ አለቀ። በ1977ቱ «ዘ ዱዌሊስትስ» ደግሞ ዊልያም ሆብስ ያቀናበረው የምድር ቤቱ የሴብር (የጎባጣ ሰይፍ) ፍልሚያ አለ፤ ሰዎቹ ደክመው ሰይፋቸውን ማንሳት እስኪያቅታቸው ድረስ። አንዱ በዝምታ፣ አንዱ በድካም፤ ሁለቱም ላይ የምታየው ሰውን ነው።


ጥሩር_ለባሽ | ዓርብ ጠዋት

ሰይፎቹ ሲገናኙ ቶሎ አትለያዩ የሚለውንም ጨምሩበት። የጀርመኖቹ መጻሕፍት ትልቁ ምሥጢር እዚያ ነው። ሰይፍ ከሰይፍ ጋር ሲጣበቅ ተጋጣሚህ እየገፋ ነው ወይስ እየላላ መሆኑን በእጅህ ታዳምጣለህ። ፊልም ላይ ብረቶቹ እንደተነካኩ ተወርውረው ይለያያሉ፤ ቢጣበቁም ፊት ለፊት ተጠጋግተው ለመነጋገር ብቻ ነው።


ጫፍና_ስለት | ከአሥር ቀን በኋላ

ሞከርነው። ከልምምድ ጓደኛዬ ጋር፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ አንዲት ልጅ ስልክ ይዛ።

የመረጥኩት «የቁጣ ምት» የሚባለውን ነው። ሁለቱም ከቀኝ ትከሻ ይመታሉ፣ ሰይፎቹ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ያኛው ከላላ ጫፉን ወደ ፊቱ ትሰዳለህ፤ ከጠነከረ በላይ አንሥተህ በሌላው ጎን ትመታለህ። ፊት መውጋቱን የመድረክ_ልጅ ስለከለከልሽው ሁለተኛውን ብቻ ወሰድን። ምቱ ከጆሮው አንድ ክንድ ውጪ አለፈ፤ ዓይኔ ግን አንገቱ ሥር ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቅጂዎች መጥፎ ናቸው። ሩብ ፍጥነት ስንል እኔ እፈጥናለሁ፣ እሱ ይሥቃል። አምስተኛው ላይ «ምክንያት እስኪያገኝ ማንም አይግባ» ያልሽውን በትክክል አደረግነው። ቆምን። ሰይፌን ከትከሻዬ ላይ ሳልነካው የግራ እግሬን ተረከዝ ብቻ ከመሬት ከፍ አደረግኩ። እሱ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። አልተነጋገርንበትም፤ እሱም ማድረጉን ያወቀው ቪዲዮውን ሲያይ ነው። ስልኩን የያዘችው ልጅ ትንፋሿን ስትስብ በቅጂው ላይ ይሰማል፤ ድምፁን ሳላጠፋ መልሼ ስላየሁት ነው የሰማሁት።

ከዚያ የመጣው ምት፣ መጣበቁ፣ በላይ ማንሳቱ፣ ሁሉም ቀርፋፋ ነው፤ ርቀቱም ከሥልጠናችን ይበልጣል። ግን ሲታይ እኔ ልገድለው የመጣሁ እመስላለሁ። እሱም መሞት አይፈልግም።

ጣቱን የሰበርኩበትን ልጅ ደወልኩለትና ቪዲዮውን ላክሁለት። እንደገና እንሥራው አለኝ። በዚህኛው እሱ ይመራል።

አንድ የቸገረኝ ነገር አለ። ስድስተኛው ቅጂ ላይ ያቺን ግማሽ እርምጃ ሆን ብለን ልንደግማት ስንሞክር ሞተች። እንዴት ነው በአሥራ አራተኛው ዙር እንኳ በሕይወት የምታቆዩዋት?


የመድረክ_ልጅ | በዚያው ምሽት

እርምጃዋን አታለማምዱት። ተረከዝህን መቼ እንደምታነሳ አትንገረው። በየቅጂው ጊዜውን ቀይርበት፤ አንዴ በሦስተኛው ሰከንድ፣ አንዴ በዘጠነኛው። ከመገናኘታችሁ በኋላ ያለው ብቻ ነው በቁጥር የሚሄደው፤ አደጋው ያለው እዚያ ስለሆነ። አምስተኛውን ቅጂ ላክልኝ፣ ለልጆቼ ላሳያቸው።